አንኮበር ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል?

ይቻላል። ለእረፍት ከውጭ መጥተህ ደብረ ብርሃን ካረፍክ፣ አንኮበር በአውቶቡስ ሄደህ በዚያው ቀን ትመለሳለህ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚያስቸግረው መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው።

1. ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ተገኝ። መኪናው ሲሞላ ነው የሚነሳው።

2. አንኮበር እንደወረድክ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሳትወጣ፣ የመመለሻው የመጨረሻ መኪና ስንት ሰዓት እንደሆነ ረዳቱን ጠይቅ።

ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው፤ ቦታው ላይ ሎጅ ተሠርቷል። ጉም ከሌለ ግን ቁልቁል እስከ አፋር ቆላ ይታይሃል። ለእሱ ሲባል ዳገቱ አይቆጭም። ወፍራም ጃኬት ያዝ።

አንድ ነገር፦ ሰዓት የሚነግሩህ በእኛ አቆጣጠር ነው። ስልክህ 15፡00 ሲል እኛ 9 ሰዓት ነው የምንለው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ መጥቶ "በ9 ሰዓት" ሲሉት በፈረንጅ አቆጣጠር የማታ 9 መስሎት ቡናውን እስከ ሦስተኛ ጠጣ። ሲወርድ መኪና የለም። በሰው ጋቢ ተጠቅልሎ እዚያው አደረ።