መልስ፦ የሁለት መምህራን የዜና ውይይት ሲቀዳ ድምፁ ለምን ይደበላለቃል?

ሁለት የጋዜጠኝነት መምህራን ስለ ዜናና ፊልም ሲወያዩ አንድ ማይክ መሃል አድርጋችሁ ስትቀዱ ድምፁ እንደሚያስተጋባ፣ ንግግራቸውም እንደሚደራረብ ጽፈሃል። ጥፋቱ ያው ማይኩ ነው፤ ከአፍ በራቀ ቁጥር ክፍሉን ይቀዳል። ለየራሳቸው ማይክ ስጧቸው። ከአፍ አንድ ጭብጥ ያህል ይራቅ፣ ትንሽም ወደ ጎን ይዙር፤ ፊት ለፊት ከሆነ "ፐ" ባሉ ቁጥር ድምፁ ይፈነዳል።

የእያንዳንዳቸውን ድምፅ በተለያየ ትራክ (ለብቻው በሚቀመጥ የድምፅ መስመር) ቅዱ። ያኔ አንዱ በሌላው ንግግር ላይ "እህ፣ እህ" ሲል የእሱን ብቻ ትቆርጣላችሁ። በመቅጃው የድምፅ መለኪያ ላይ የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ -12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። መቅጃ መሣሪያው ሁለት ከሆነ ቅጂዎቹን የምታገጣጥሙበት ምልክት እንዲሆናችሁ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አጨብጭቡ፤ ሰዓታቸው እኩል ስለማይሄድ ረጅም ቅጂ ይንሸራተታል።

ከድምፁ የሚብሰው ግን ሌላ ነው (ይህን አልጠየቅክም)፦ መምህራን እርስ በርስ ስለሚግባቡ ዜናውን ሳይነግሩን ትችቱን ይጀምራሉ። ማን፣ ምን፣ መቼ የሚለውን አንዱ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ይናገር።