እናቷን አይቶ ላም መግዛት

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይባል የለ? እኔም ደሴ ሄጄ የተዳቀለች ጊደር የገዛሁት እናቷ ፊቴ ታልባ፣ በቀን 18 ሊትር እንደምትሰጥ አረጋግጬ ነው። ጊደሯ ከወለደች ሦስተኛ ወሯ ሲሆን 8 ሊትር ላይ ቆማለች። ገለባና ትንሽ ፉርሽካ ትበላለች፣ ውሃ ጠዋትና ማታ ትጠጣለች፣ ቤቷም ቆርቆሮ ነው። ተሸውጄ ነው?

መልስ፦ ሻጩን ለጊዜው ይተዉት። አባቷንስ ጠይቀዋል? ኮርማ ስለማይታለብ ይረሳል እንጂ ጊደሯ የዘሯን ግማሽ የወሰደችው ከእሱ ነው፣ የእሱ ወተት ደግሞ የሚታወቀው በሴት ልጆቹ ነው።

ሌላው፣ እናትየው ስንተኛ ወሊዷ ላይ ነበረች? የበኩር ወላድ የምትሰጠው ጎልማሳ ላም ከምትሰጠው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። 18 ሊትሩን የሰጠችው ጎልማሳ ሆና ከሆነ፣ እናትየው ራሷ በመጀመሪያ ወሊዷ 13 ሊትር ብትሰጥ ነው። ስለዚህ የጎደለዎት 10 ሳይሆን 5 ሊትር ነው።

እሷን 5 ሊትር ከዘር በፊት በረት ውስጥ ብንፈልጋት ይሻላል። በአንድ መንጋ ላሞች መካከል ከሚታየው የወተት ልዩነት በዘር የሚመጣው ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ነው፤ የቀረው መኖ፣ ውሃ፣ ጤናና አያያዝ ነው። ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም። ጥሩ ድርቆሽና ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ይጨምሩላት፣ ግን በአንዴ አይደለም፣ ሆዷ እንዳይታወክ በሁለት ሳምንት ቀስ እያሉ። ውሃውማ (እዚህ ላይ ትንሽ ተናድጃለሁ) ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይሁን፤ ከወተት 100 እጅ 87ቱ ውሃ አይደል እንዴ!

ደግሞ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እናንተ ቁልቁል 1,850 አካባቢ ናችሁ። የፈረንጅ ደም ያላት ላም ሙቀት አትወድም። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ገብተው ይዩዋት፦ እያለከለከች ድርቆሹን ከተወችው ቆርቆሮው እየጠበሳት ነው። ከጣሪያው ሥር ሳር ይደርድሩ፣ አንዱን ግድግዳ ይክፈቱላት፣ ዋናውን መኖ በማለዳና ከመሸ ይስጧት።

እውነቱን ልንገርዎት፣ በዚህ ወሊድ 13 ሊትር አይጠብቁ። ወተት ጫፍ የሚደርሰው ከወለደች ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ነው፣ ያ አልፏል። ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ ጠዋት ካዩ ከሰዓት በኋላ ያስዳቅሏት፣ አዳቃዩንም (የኮርማ ዘር የሚያስገባላትን ባለሙያ) የኮርማውን መለያ ቁጥር ይጠይቁና በረቱ በር ላይም ቢሆን በከሰል ይጻፉት።