ቋሚ ድሪል ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ስለ እጅ ድሪል ከጻፍኩ ወዲህ ስልኬ እረፍት አጣ። እዚሁ ድሬዳዋ ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከሐረርም ጭምር። የሁሉም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ቋሚ ድሪል። የድሮ ባለሙያዎች ትራፓኖ የሚሉት፣ ምሰሶ ላይ ተተክሎ ፑንታውን (መብሻውን) በእጀታ እያወረዱ የሚበሱበት ማሽን። ከጥያቄዎቹ ስድስቱን መርጫለሁ። የቀትሩ ሙቀት በረድ ሲል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

«ጓሮዬ ውስጥ የመስኮት ብረትና አልጋ እሠራለሁ። የእጅ ድሪሌ ፑንታ ጨረሰብኝ። ታይዋን ገበያ ባለ 350 ዋትና ባለ 500 ዋት ቋሚ ድሪል አይቻለሁ። የቱን ላንሳ?» (ከሳቢያን)

ዋቱን ለጊዜው እርሳው። ሻጩን መጀመሪያ «ዝቅተኛው ፍጥነቱ ስንት ነው?» በለው። ካላወቀ የላይኛውን ክዳን አስከፍተው። ብዙዎቹ ላይ ቺንጋው (ሞተሩን ከፑንታው ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ) በየትኛው ፑሌጃ (መዘውር) ላይ ሲውል በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተለጥፏል።

ፑንታህን የጨረሰው ፍጥነት ነው። ብዙ የእጅ ድሪል ሙሉውን ሲጫኑት ወደ 3000 ዙር ይጠጋል። በዚያ ፍጥነት ወፍራም ፑንታ ብረት ላይ ሲያርፍ ጫፉ ይግላል፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያፏጫል እንጂ አይበሳም። እኔ የምሠራባት ስሌት አንዲት ናት። ለተራ ብረትና ለተራ ፑንታ፣ 8000ን ለፑንታው ሚሊ ሜትር አካፍል። ባለ 5 ሚሊ ከሆነ 1600 ዙር፣ ባለ 10 ከሆነ 800፣ ባለ 13 ከሆነ ወደ 600 ገደማ። ስቴንለስ ከሆነ የዚህን ግማሽ ወይም ከዚያም በታች አድርገው። ትንሽ ዘይት ጠብ ማድረግም አትርሳ።

እንግዲህ ዝቅተኛው 500 ወይም 600 ከሆነ ለአንተ ሥራ ይበቃል። 16 እና 20 ሚሊ መብሳት ካሰብክ ግን 300 እና 400 ድረስ የሚወርድ ፈልግ። ፍጥነቱ በቺንጋ የሚቀየረውን ምረጥ። ቺንጋው ዙሩን ሲቀንስ ጉልበቱን ይጨምራል። ማዞሪያ ቁልፍ ብቻ ያላቸው ትንንሾቹ ፍጥነታቸው ሲወርድ አቅማቸውም አብሮ ይወርዳል፤ ጫን ሲሏቸው ቀጥ ነው።

ወደ ዋቱ እንመለስ። ለመስኮት ብረት እስከ 10 ሚሊ ከሆነ 350 ይወጣዋል። በየቀኑ 13 ሚሊ የምትበሳ ከሆነ 500 ግዛ። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑብህ ሁለቱንም አንሳና ወገብህን የሚፈትነውን ግዛ። ብረት የበዛበት ማሽን አይንቀጠቀጥም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሸወድበታል። «ባለ 10 ኢንች ነው» ሲሉህ ከፑንታው እስከ ምሰሶው 10 ኢንች አለ ማለት አይደለም። ያለው 5 ነው። 10 ኢንች ስፋት ያለው ሳንቃ መሃሉን ይበሳል ለማለት ነው። ሜትርህን ይዘህ ሂድ።

«አንድ የድሮ ጋራዥ ሲዘጋ ያረጀ ቋሚ ድሪል ሊሸጡልኝ ነው። ቀለሙ አዲስ ነው። ምን ምን ልይ?» (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

«ቀለሙ አዲስ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ልቤ ደንገጥ አለ። እኔም በአንድ ወቅት ቁልጭ ያለ አረንጓዴ ቀለም አይቼ የገዛሁት ነበረኝ። ቤት አምጥቼ በ10 ሚሊ ፑንታ ስበሳ ቀዳዳው 11 ሚሊ ሆኖ ይወጣል፣ እሱም እንቁላል መስሎ። የተቀባው ለካ ለእኔ ዓይን ነበር።

እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ ይጀምሩ። እጀታውን ስበው ቻኩን (ፑንታውን ነክሶ የሚይዘውን) እስከ መጨረሻው ያውርዱ። በወረደበት ያዙትና ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ይነቅንቁት። እጅዎ ላይ ቋ ቋ ካለ ሰላምታ ሰጥተው ይውጡ። የሚወርደው ቧንቧ የተቀመጠበት ብረት ተበልቷል፤ ያንን ማስጠገን ከማሽኑ ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል።

እሱን ካለፈ አዲስ ቀጥ ያለ ፑንታ ያስገቡ። እርሳስ ጫፉ አጠገብ አስጠግተው ይያዙና ቻኩን በእጅዎ ቀስ አድርገው ያዙሩ። ፑንታው እርሳሱን አንዴ ነክቶ አንዴ ከሸሸ ይወዛወዛል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቻኩ ነው፣ ቻክ ደግሞ ይቀየራል። ከመቀየርዎ በፊት ግን አስወልቀው የሚገጥምበትን ሾጣጣ በጨርቅ ያጽዱት። እዚያ ቦታ ግራሶ የሚቀባ ሰው አጋጥሞኛል። ያ ሾጣጣ የሚይዘው ደርቆ ሲገጥም ብቻ ነው፤ ግራሶ ካገኘ ቻኩ በሥራ መሃል ዱብ ይላል።

ከዚያ አንድ ወፍራም ሽቦ እንደ ክርን አጥፈው ቻኩ ውስጥ ይሰሩት። ጫፉ ጠረጴዛውን ለጥቂት እንዲነካ አድርገው በእጅ ያዙሩት። በአንድ በኩል እየጫረ በሌላው ክፍተት ከተወ ጠረጴዛው ዘሟል። ጠረጴዛው ብሎን ካለው ይስተካከላል፤ ስንጥቅ ካለው ግን ይተዉት።

በመጨረሻ ባዶውን ያስነሱትና ዝም ብለው ያዳምጡ። ጠጠር የገባበት ወፍጮ ዓይነት ድምፅ ካለው ኩሽኔታው አልቋል። ይህ አያስፈራም። ኩሽኔታም ቺንጋም ተገዝቶ የሚገጠም ነገር ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀሙበት።

ደግሞ አሮጌ ስለሆነ አይናቁት። ባቡሩ እዚህ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የባቡሩን የጥገና ወርክሾፕ ገብቶ ያየ ሰው የድሮ ብረት ምን ያህል እንደሚያገለግል ነጋሪ አያስፈልገውም። አንዳንዱ ማሽን ከእኔም ከአባቴም በፊት የተተከለ ነው።

«አክስቴ ከአሜሪካ ቋሚ ድሪል ልትልክልኝ ነው። 110 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ገዝቼ ልጠቀምበት?» (ከከዚራ)

አክስትህን አመስግናት፣ ግን አስቁማት። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድልሃል እንጂ ኸርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) አይነካውም። የእነሱ 60 ነው፣ የእኛ 50። የዚህ ዓይነቱ ማሽን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ዙሩን የሚያገኘው ከኸርዙ ነው። እዚያ 1725 የሚዞረው እዚህ 1440 አካባቢ ይዞራል። መዘግየቱ ለብረት እንኳን ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሞተሩ ከልኩ በላይ መጋሉ ነው። በእኛ ሙቀት ላይ ተደምሮ አስበው! ትራንስፎርመሩም ቢሆን ሞተሩ ሲነሳ የሚስበውን ብዙ ኤሌክትሪክ እንዲችል ዋቱ ከሞተሩ ሁለት ሦስት እጥፍ የሚበልጥ መሆን አለበት።

ከመጣ በኋላ ከሆነ የጻፍክልኝ፣ ሞተሩን አውልቀህ ባለ 220 ግጠምለት። በቺንጋ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ ይቻላል። ገና ካልመጣ ግን፣ ያንን ሁሉ ኪሎ ከምትከፍልበት ኮባልት ያለበት ጥሩ ፑንታ ሙሉ ሳጥን ታምጣልህ። እዚህ የሚያስቸግረን ማሽን ሳይሆን ደህና ፑንታ ነው።

«የእጅ ድሪል የሚታሰርበት ማቆሚያ በርካሽ አግኝቻለሁ። ቋሚ ድሪልን አይተካም?» (ከመልካ ጀብዱ)

ለእንጨት፣ አዎ። ለብረት፣ አይ። ጫን ስትለው ይለመጣል።

«መብራት ሲዋዥቅ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አይነሳም። ይቃጠል ይሆን?» (ከገንደ ቆሬ)

ካቆየኸው ይቃጠላል። ሳይዞር ካጉረመረመ ወዲያው አጥፋው። ቮልቱ ደህና በሆነበት ሰዓት ሞክረው። ያን ጊዜም ካጉረመረመ ገመዱን ነቅለህ ቻኩ በእጅ እንደ ልቡ መዞሩን እይ። ከዞረ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነው፤ እሱን ግን ኤሌክትሪሺያን ይንካው፣ ከተነቀለ በኋላም ይመታል።

ከዚህ የባሰ ግን አለ። መብራት ይጠፋል፣ አንተ ትተኸው ትወጣለህ፣ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ይጫወታል፣ መብራት ይመጣል። ማሽኑ ተነሳ! ስለዚህ ስትገዛ መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚጠፋና እንደገና ካልተጫኑት የማይነሳ ማብሪያ ያለውን ምረጥ። የአንተ ከሌለው መብራት በሄደ ቁጥር ሶኬቱን ንቀል።

«ባለቤቴ ከሥራ መልስ ሽርጥ ታጥቆ በቋሚ ድሪል ይሠራል። ብናገረውም አልሰማ አለኝ። እጁ እንኳን እንዲተርፍ ብዬ ጓንት ገዛሁለት። ልክ ነኝ?» (ከአዲስ ከተማ)

እህቴ፣ ስለ ሽርጡ ልክ ነሽ። ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ጨርቅ እሚሽከረከር ነገር አጠገብ አይደርስም። የሽርጡ ጫፍ፣ ረጅም እጅጌ፣ ነጠላ፣ ያልታሰረ ፀጉር፣ የአንገት ሐብል፣ ሁሉም አንድ ናቸው።

ጓንቱ ግን ከሽርጡም ይብሳል፤ ቅር አይበልሽ። ባዶ እጅን ፑንታው ቢነካው ይቆርጠዋል። ጓንት ያለበትን ግን ክሩን ይዞ ይጠቀልለዋል፣ ከውስጥ ያሉትን ጣቶች ጨምሮ። ሞተሩ ደግሞ «ኧረ እጄን!» ሲባል አይሰማም።

እጁን የሚያተርፍለት ብረቱን ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ ነው። ላሜራ በእጁ ይዞ የሚበሳ ከሆነ ፑንታው በስተኋላ ሊወጣ ሲል ላሜራውን ይነክስና እንደ ቬንቲሌተር ያሽከረክረዋል። ትንሹን ሥራ ሞርሳ ውስጥ ይሰረው፣ ሞርሳውንም ከጠረጴዛው ጋር በብሎን ይጠርቀው። ረጅሙን ደግሞ ከፊት ሲቆም ከምሰሶው በስተግራ ያስደግፈው። ቢያመልጠው እንኳን ምሰሶው ያስቀርለታል።

መነጽር ግዢለት፣ የተዘጋ ጫማም። የብረት ፍቅፋቂ በነጠላ ጫማ ሲረገጥ ምን እንደሚመስል እሱ ራሱ ያውቀዋል። ጓንቱን ለብየዳ ያስቀምጠው። ሽርጡ ለበርጫ ይቆየው።