ባለመስመሩ የባሕር አምባዛ

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የምመላለስ የተሳቢ ሾፌር ነኝ። ረዳቴ ጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ላይ ከመረብ ተለቅሞ አሸዋ ላይ የተጣለ፣ ጠቆር ብሎ በጎኑ ነጫጭ መስመር ያለው ትንሽ ዓሣ ሲያነሳ አውራ ጣቱን ወጋው። እጁ እስከ ክርኑ አብጦ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ። ዓሣው እኮ ሞቷል! ሐይቅ ላይ አምባዛ በእጃችን ስንይዝ ነው ያደግነው፤ ይኼኛው ምን ጉድ ነው?

መልስ፦ እንደ አነጋገርዎ ከሆነ ዓሣው የአምባዛ ዘመድ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፕሎቶሰስ ሊኒያተስ ይባላል። ርዝመቱ ቢበዛ 32 ሳንቲ ሜትር ነው። እንደ ሐይቁ አምባዛ 4 ጥንድ ጢም አለው። የኋላ ክንፎቹ ግን ከጭራው ጋር ተያይዘው የእባብ ጅራት ያስመስሉታል።

አደጋው ያለው በሦስት እሾሆች ነው፦ አንዱ በፊተኛው የጀርባ ክንፍ፣ ሁለቱ ከስንጥቦቹ ኋላ ግራና ቀኝ። እሾሆቹ እንደ መጋዝ ጥርስ አላቸው፤ መርዙን የሚያመነጩት ህዋሳት ደግሞ እሾሁን በሸፈነው ቆዳ ውስጥ ናቸው። እባብ መርዙን በጡንቻ ጨምቆ ይረጫል። ይህ ዓሣ ግን የሚጨምቅበት ነገር የለውም፤ እሾሁ ሲገባ ቆዳው ይቀደድና መርዙ ቁስሉ ውስጥ ይፈስሳል። ስለዚህ ለመመረዝ ዓሣው በሕይወት መኖር አያስፈልገውም።

መርዙ ሙቀት አይችልም፤ መድኃኒቱም ከዚሁ ይጀምራል። ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ የሚታይ ስባሪ ካለ በወረንጦ ማውጣት። ከዚያ የተወጋውን እጅ ወይም እግር 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መዘፍዘፍ። ቴርሞሜትር ከሌለ፣ በቡታ ጋዝ የፈላ 1 ሊትር ውሃ በ4 ሊትር የጅቡቲ የጀሪካን ውሃ (ያው ለብ ያለ ነው) ቢደባልቁ ወደዚያው ይጠጋል። ሙቀቱን ያልተወጋው እጅ ይፈትነው፤ የተወጋው ስለሚደነዝዝ ሳይታወቅ ይቃጠላል። ሲቀዘቅዝ ሙቅ መጨመር ነው፤ ሲጨምሩ ግን እጁ ከባልዲው ይውጣ። ክንድን በገመድ ማሰር፣ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም።

የረዳትዎ ጣት ከቀናት በኋላም ካበጠ ወይም ከመገለ፣ የእሾሁ ስባሪ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ይነሳ፤ የቴታነስ ክትባትም አይለፈው። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ውሃ ማፍላት ሳይሆን ወዲያው ሐኪም ቤት።

ጥያቄ፦ ልጆቼ በስልካቸው እነዚህ ዓሦች እንደ ኳስ ተጠቅልለው ሲንከባለሉ አሳዩኝ። ምን እየሠሩ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እየበሉ ነው። ኳሱ ጫጩቶቹ ናቸው፤ መቶ ያህል ሆነው ተጣብቀው ይሄዳሉ። ፊት ያሉት አሸዋውን ሲቆፍሩ የኋላዎቹ በላያቸው አልፈው ይቀድማሉ፤ ለዚህ ነው የሚንከባለሉ የሚመስለው። መጠጋጋቱ ከአዳኝም ይጠብቃቸዋል።

ሲያድጉ ኳሱ ይበተናል። ትልልቆቹ ቀን ከድንጋይ ሥር ተደብቀው ይውሉና ሌሊት ሸርጣንና የአሸዋ ትል ያድናሉ። ጢማቸው ይቀምሳል ቢባል ማጋነን አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ የጃፓኑ ዘመዳቸው ትል ሲተነፍስ የውሃው አሲድነት በጥቂቱ መጨመሩን ለይቶ ምግቡን በጨለማ እንደሚያገኝ አሳይቷል። አባትየው ደግሞ ጎጆ ሠርቶ እንቁላሎቹን ይጠብቃል።

ይህ ዓሣ በስዊዝ ቦይ አልፎም የሜዲትራኒያንን ምሥራቃዊ ዳርቻ አጥለቅልቋል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ከወራሪ ዝርያዎች መዝገብ አስገብቶታል። እዚያም ሆነ ጅቡቲ፣ መረብ ውስጥ ሲገኝ ሦስቱ እሾሆች ከሥራቸው በፒንሳ ይቆረጣሉ፤ በባዶ እጅ ግን አይነካም።