«ዘፍነን እንውጣ» ወይስ «ጨፍረን እንውጣ»?

ጥያቄ፦ የጆርጅ ክሊንተን ባንድ ፈንካዴሊክ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ዋን ኔሽን አንደር ኤ ግሩቭ» የተባለ አልበም ለጓደኞቼ በአማርኛ ላስተዋውቅ እየጻፍኩ ነው። የርዕሱ ዘፈን ውስጥ፣ ካጣበበን ነገር በዳንስ የምንወጣበት ዕድል ይኸው የሚል ሐሳብ አለ። እኔ «ዘፍነን ከጥበት እንውጣ» አልኩት። አንድ ወዳጄ ግን «ዘፈን በአፍ ነው፣ ጨፍረን በል» ብሎ አረመኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወዳጅዎ የዛሬውን አማርኛ ይዟል፣ እርስዎ የጥንቱን። እኔ ዕድሜ ልኬን ለጥንቱ ሳደላ የኖርኩ ሰው ነኝና ፍርዴን በዚያው ልክ ይመዝኑት።

በግዕዝ «ዘፈነ» በእግር፣ በትከሻ፣ በመላ አካል ነው። በቆየው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ «ይዘፍን ነበር»፤ ሜልኮልም በመስኮት አይታ ናቀችው። አይታ! ዜማ በመስኮት አይታይም። በማቴዎስ ወንጌል ልጆቹ «እንቢልታ ነፋንላችሁ ዘፈንም አልዘፈናችሁም» ብለው ሲወቅሱ ግጥም አልጠየቁም፤ እግራችሁን ለምን አላነሳችሁም ማለታቸው ነው። የሄሮድያዳ ልጅም «ዘፈነች» ይላል። የዛሬ ወጣት ይህን ሲያነብ ልጅቱ ማይክ ጨብጣ የቆመች ሳይመስለው አይቀርም።

«ይህ የግዕዝ ትርጉም ነው፣ አማርኛን አይገዛም» የሚሉኝ አንድ ምሁር አሉ። የጠቀስኩት እኮ አማርኛ ነው! ቃሉ ከእግር ወደ ጉሮሮ የወጣው፣ በሠርጉም በማኅበሩም አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ እያጨበጨበና እየተውረገረገ ስለሚቀበል፣ ድምፁና ውዝዋዜው ተለይተው ስለማያውቁ ነው። «መዝሙር» ለቤተ ክርስቲያን ሲቀር «ዘፈን» የዓለማዊውን ዜማ ቦታ ያዘ። («አዝማሪ»ም ከ«ዘመረ» ወጥቶ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ጠጅ ቤት ከገባ ቆይቷል፤ ቃላት ያደጉበት ቤት አይቀሩም።)

«ጭፈራ»ን አልወደውም። «ጨ» ከግዕዝ ፊደል ውስጥ የሌለች፣ አማርኛ ከ«ጠ» የቀጠላት ፊደል ናት። ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጆሮዬ ነው የማይወደው።

ሰዋስዉን በተመለከተ ግን ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ቦዝ አንቀጹ («ዘፍነን»፣ «ጨፍረን» የሚለው ቅርፅ) ቅደም ተከተልንም መንገድንም ይሸከማል፤ «ለምኖ አደረ» ስንል ልመናው ማደሪያው ነው። እንግሊዝኛውም ጭፈራን የመውጫ በር አድርጎታል። «እየጨፈርን እንውጣ» ካሉ ግን መውጫው ሌላ ሆኖ ጭፈራው አጃቢ ይሆናል፤ ይህን አይጻፉ።

አሁን ስለ ርዕሱ፤ አልጠየቁኝም፣ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ርዕሱ የአሜሪካ ተማሪ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በባንዲራ ፊት ከሚደግመው ቃል ኪዳን የተቀዳ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በዚያ ላይ «ከእግዚአብሔር በታች» የሚል ተጨመረ። ክሊንተን እግዚአብሔር ባለበት ቦታ ግሩቭን፣ ሰውነትን የሚያወዛውዘውን የሙዚቃ ምት፣ አስገባ። «ኔሽን»ን «ብሔር» ብለው እንዳይተረጉሙብኝ! በግዕዝ ብሔር ምድር፣ አገር ነው፤ «እግዚአብሔር» ውስጥ ያለውም እሱው ነው። ዛሬ ግን «አንድ ብሔር» ቢሉ አንባቢ የሚሰማው ሌላ ነው፣ ክሊንተን ካለው ተቃራኒው። «ሕዝብ» ይበቃል።

«ግሩቭ» ደግሞ በጥሬው ቦይ ነው፣ ማረሻ የሚተወው ዓይነት። ሸክላ ላይ መርፌዋ የምትሄድበት ስንጥቅ ስሙ ይኸው ነው። ስለዚህ «ትልም» ብለው ደስታዬ ነው፦ «አንድ ሕዝብ በአንድ ትልም»። የርዕሱን ዘፈን ያዳምጡት፤ ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ቤዙና ጭብጨባው እንደ ጥማድ በሬ በዚያው መስመር ይመላለሳሉ፣ ድምፆቹም አንዱ ሳይነግሥ እየተቀባበሉ ይገባሉ። በኒው ጀርዚዋ ፕሌንፊልድ ፀጉር ቤት ውስጥ ጎረምሶችን ሰብስቦ በድምፅ መዝፈን የጀመረ ሰው ሥራ ነው፤ በአሜሪካ የሶል ሰንጠረዥም ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ትልም ብል ሰው እርሻ እንደሚመስለው ግን ይገባኛል። እሺ፣ «ግሩቭ» ይሁን።

ክርክሬን ያደከመው ሽፋኑ ነው። ፔድሮ ቤል በሣለው ሥዕል ላይ እንደ ወታደር የተሰለፉ ሰዎች ባንዲራ ሲተክሉ ይታያሉ። ይህን እያየሁ «ጭፍራ» የሚለው ቃል መጣብኝ። ጭፍራ የጦር ተከታይ ነው፣ ጭፈራም ተሰብስቦ የሚጫወቱት፤ ከአንድ ሥር መብቀላቸውን አልጠራጠርም። ብቻውን የሚያንጎራጉር ሰው ዘፈነ ይባላል፣ ጨፈረ ግን አይባልም። ክሊንተን የፈለገው ደግሞ ጭፍራውን ነው።

ሌላም አለ። አልበሙ በወጣበት መስከረም 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ሥር ነበረች። ሆቴሎቹ በራቸውን ዘግተው ባንዶቹ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ የገባ ሰው ሰዓት እላፊው ሳያበቃ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልምና። ለዚያ ሰው «ጨፍረን እንውጣ» ማለት ነጋ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ጫማችንን እናጥልቅ ማለት ነበር። «ዘፍነን እንውጣ» ቢሉት ዘፋኞቹን እንጂ ራሱን አይቆጥርም።

«ጨፍረን ከጥበት እንውጣ» ብለው ይጻፉ። ወዳጅዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ዳዊት ግን ሲዘፍን እንጂ ሲጨፍር እንዳልነበረ ይንገሩት።