መልስ፦ አባቷ ያባረራት ልጅ መክሰስ ትችል ነበር?
«በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ሴት ልጅ አባቷን መክሰስ ትችል ነበር ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ ትችል ነበር። የሽቬቢሽ ሃል ከተማ ከንቲባ ልጅ የነበረችውን አና ቢውሽለርን ተመልከት።

በፈረንጆቹ 1525 አባቷ ሄርማን ከሁለት ወንዶች ጋር የተጻጻፈቻቸውን የፍቅር ደብዳቤዎች አገኘ። ወዲያው ከቤት አባረራት። እሷም ዝም አላለችም፤ ከሰሰችው። እሱ ደግሞ አስይዞ አመጣትና ለስድስት ወር ያህል ቤቱ ውስጥ ከጠረጴዛ ጋር በሰንሰለት አሰራት። የገዛ ልጁን! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ አመለጠች። ክርክሩንም ቀጠለች። የያዘችው ነገር ነበራ፤ በዘመኑ በዚያ አገር ይሠራበት በነበረው የሮማ ሕግ መሠረት አባት ልጁን ከውርስ መንቀል የሚችለው በቂ ምክንያት ካለው ብቻ ነበር። አባትየው ደግሞ እሷን ከውርስ ለመንቀል አለመታዘዟንና ነውሯን ምክንያት አደረገ። በ1543 ሲሞት ሙግቱ ወደ ወንድሟና እህቷ ዞረ። እሷም በ1552 እስክትሞት ድረስ ተሟገተች።