ሰነፍ ከማለታችን በፊት፦ የወላጆች ጥያቄና የአስተማሪ መልስ

ጅማ ውስጥ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሳስተምር 18 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ማታ ስለ ልጆቻችሁ ትምህርትና ደህንነት ያሳሰባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ሲሆን ግን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ (እናት፣ ከአጂፕ)፦ ቲቸር፣ ልጄ 3ኛ ክፍል ነው። አምና ጎበዝ ነበር። ዘንድሮ ደብተሩ ግማሽ ግማሽ ነው የተጻፈው። አስተማሪው «ሰንፏል» አሉኝ። እኔም ተቆጣሁት።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዓይኑን እይለት። የሚሳሳተው ከሰሌዳ ሲገለብጥ ብቻ ነው ወይስ ከመጽሐፍም? ከሰሌዳ ብቻ ከሆነ ስንፍና አይመስለኝም። አንድ ተማሪ ነበረችኝ፤ 8ን 3 አድርጋ ትገለብጥ ነበር። ስሌቷ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። እኔም ወር ሙሉ ኤክስ ሳደርግባት ቆየሁ። አንድ ቀን ሰሌዳው ጎን ቆሜ ፊቷን ሳይ ነው ዓይኗን አጥብባ እንደምታይ የገባኝ። ዛሬ ያጸጽተኛል። አሁን ልጅሽን በር ላይ አውጪውና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ አስነብቢው። አንዱን ዓይን በእጁ ይሸፍን፤ ከዚያ ሌላውን። ጆሮውንም አትርሺ። ከጀርባው ሆነሽ ቀስ ብለሽ ጥሪው።

ጥያቄ (አባት፣ ከፈረንጅ አራዳ)፦ ቡና ሲፈላ አያቱ ለ7 ዓመቱ ልጄም በስኒ ይሰጡታል። ይጎዳዋል?

መልስ፦ ጅማ ተቀምጦ ቡና አይቅመስ ማለት ከባድ ነው። ለልጅ ግን አይሆንም፤ እንቅልፍ ይነሳዋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግቡ የሚገኘው ብረት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ብረት ያነሰው ልጅ ክፍል ውስጥ ይፈዛል። ግን አያቱን አያስቀይሟቸው። በዚያችው ስኒ ወተት ይቅዱለት፣ ቡና ቁርሱንም ይብላ። ልጁ የሚወደው ከአያቱ ጎን መቀመጡን ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ከመንደራ)፦ ልጄ የምትማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ እናገራለሁ እንጂ ቁቤ ማንበብ አልችልም። የቤት ሥራዋን እንዴት ላግዛት?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል፤ አብዛኞቹም አፍረው ነው። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጮክ ብላ ታንብብልሽ። ቋንቋውን ስለምትሰሚ የት እንደተደናቀፈች ታውቂያለሽ። ስትጨርስ «ምን ይላል?» በያት፤ በአማርኛ ትንገርሽ። መልሳ መናገር ከቻለች ገብቷታል። በቤት ውስጥ አማርኛ ማውራታችሁን አታቁሙ። ልጅ በአንድ ቋንቋ ያወቀውን ታሪክና ቃል ወደ ሌላው ይዞት ይሄዳል። ከፈለግሽ ደግሞ እሷ ታስተምርሽ። በቁቤ አንድ ዓይነት አናባቢ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ድምፁ ይረዝማል፤ ከዚህ ጀምሩ። እናቱን የሚያስተምር ልጅ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቀመጥ ታያለሽ።

ጥያቄ (አያት፣ ከቆጪ፤ ጎረቤት ጻፈችላቸው)፦ ልጄ፣ የልጅ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። እናቱ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ እኔ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይለኛል። ቅዳሜና እሁድ ደህና ነው። እየዋሸኝ ይሆን?

መልስ፦ እማማ፣ አይዋሽም። ያመዋል። ጭንቀት የልጅን ሆድ በእውነት ያሳምማል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይውሰዱትና የሆድ ትል እንዳለው ይመርመር። ከዚያ ጨዋታ ያምጡለት። «ትምህርት እንዴት ነበር?» ቢሉት «ደህና» ብሎ ይዘጋዋል። «ዛሬ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ተጫወትክ?» ይበሉት። ሁልጊዜ «ከማንም» ካለ አንድ ነገር አለ፤ የሚመታው ወይም የሚሰድበው ልጅ ሊኖር ይችላል። ለአስተማሪውም እናቱ እንደሄደች ይንገሩ። እኛ ሳናውቅ «ነገ እናትህን ይዘህ ና» እንላለን። ያ ቃል ልጁን ምን እንደሚያደርገው ያስቡት። እናቱ የምትደውልበት ቀን የታወቀ ይሁን፤ ሁልጊዜ እሁድ ማታ ከሆነ ልጁ ቀን ይቆጥራል። ምግብና እንቅልፍ እምቢ ካለና ሁለት ሳምንት ከቆየበት፣ ወይም ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ሐኪም ጋ ይውሰዱት፤ በዚህ ጊዜ አይጠብቁ።

ጥያቄ (አባት፣ ከሂርማታ)፦ አስተማሪዋ ልጄን በማስመሪያ እጁን መታችው። ያለ ቁንጥጫ ልጅ አያድግም የሚሉም አሉ። ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አይበሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ግን ልጁ ፊት ከአስተማሪዋ ጋር አይጣሉ። ብቻዋን ያናግሯት። ካልተስተካከለ ርዕሰ መምህሩ ጋ፣ ከዚያ ወላጅ መምህር ኅብረት ጋ ይሂዱ። በሥራዬ ያየሁት አንድ ነገር ነው፦ የተመታ ልጅ ሳያውቅ ሲቀር እጁን አውጥቶ መጠየቁን ያቆማል። ቤት ውስጥም ያው ነው።

ጥያቄ (ገበሬ፣ ከማና ወረዳ)፦ ቡና ሲደርስ ልጆቹን ለለቀማ እፈልጋቸዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ይቆጣል።

መልስ፦ የዓመቱ ገቢ በዚያ ወቅት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልወቅስዎትም። ግን አስቀድመው ለአስተማሪው ይንገሩት። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ከክፍል ውጭ ባለው ግማሽ ቀን ያግዙዎት። በግድ የሚቀሩበት ቀን ካለ የጎረቤት ልጅ ደብተሩን ማታ ያምጣላቸው። በአንድ ወቅት ሁለት ሳምንት የቀረ ልጅ ማካፈልን ሳይሰማ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ሒሳብ ሁሉ ይጨልምበታል።

ጥያቄ (እናት፣ ከጊንጆ)፦ ስልክ ልከልክላቸው?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሲተኙ ግን ስልኩ አንቺ ጋ ይደር። ያንቺም አብሮ።

ጥያቄ (የአጂፗ እናት ተመልሳ)፦ ቲቸር፣ አሁን አወጣሁት። በግራ ዓይኑ የፋርማሲውን ጽሑፍ ጭራሽ ማንበብ አቃተው። በቀኙም እየገመተ ነው። እኔ ደግሞ ሰነፍ ስለው ከረምኩ። እያለቀስኩ ነው።

መልስ፦ አይዞሽ። ሰኞ በጠዋት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ውሰጂው። ነገ ለአስተማሪው ደውይላቸውና መነጽሩ እስኪመጣ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡት። አሁን ደግሞ ስልኩን አስቀምጪና ልጁን ይቅርታ በይው። ገና አልተኛም።